ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?

በሰፈራችን ቅጽል ስሜ «ዶክተር እከክ» ነው። ፊት ለፊት የሚጠራኝ የለም፤ ልጆች ግን አጥር ጥግ ሆነው ሲሉት ሰምቻለሁ። ዶክተርነቱ ውሸት ነው፣ ጤና ረዳት ነኝ። እከኩ ግን እውነት ሆኗል፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ጤና ጣቢያ፣ አራት ቁጥር ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። የምውለው ከተነከሰ፣ ከተነደፈና ከሚያሳክከው ሰው ጋር ነው። ንብ የነደፈችው ሲመጣ መውጊያዋን በጥፍሬ ገፋ አድርጌ አወጣለሁ። መዥገር የተጣበቀበትን በወረንጦ ከሥሩ ይዤ ቀጥ አድርጌ እነቅልለታለሁ። ትኋን ሲበላው ያደረውን ፍራሹን ገልብጦ ስፌቱን እንዲያይ እመክረዋለሁ። ዋናው ሙያዬ ግን እከክ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ አግዳሚ ወንበሩ ሲሞላ፣ በሩ ላይ ቆሜ ትምህርት እሰጣለሁ። ያንን ትምህርት ከእኔ በላይ የሚወደው ሰው አላየሁም።

«ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?» ብዬ እጀምራለሁ። አንዱ ስድስት ይላል፣ አንዷ አራት ትላለች። «እንግዲያው የሚታከሙት ስድስት ናቸው፣ አራት ናቸው። አንድ ሰው ብቻውን ቢቀባ ማንም አልተቀባም። ሁላችሁም፣ በአንድ ቀን፣ ከአንገት እስከ እግር ጥፍር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማችሁም? እከክ እኮ ከሳሙና ይልቅ ወሬ ነው የምትፈራው።» እዚህ ላይ ይሳቃል። ሳቁን ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ካልሳቁ እደግመዋለሁ።

አብራኝ የምትሠራው ወጣት ነርስ፣ ሲስተር ነው የምንላት፣ «ጋሼ፣ ኧረ ጓንት ያድርጉ» ትለኝ ነበር። እኔ ግን የበሽተኛውን እጅ በባዶ እጄ ይዤ፣ ጣቶቹን ፈልቅቄ፣ እከኳ ቆዳ ሥር የሄደችበትን ቀጭን መስመር በእስክሪብቶ ጫፍ ለተማሪዎች ሳሳይ እውላለሁ። «እኔን አትደፍረኝም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ተዋውቀናል» እላታለሁ። እንዲህ የሚል ሰው በየትም አገር ሞኝ ነው የሚባለው።

አንድ ቀን የቀኝ እጄ ጣቶች መሃል በላኝ። የሌላ ሰው እጅ ቢሆን ገና ከበሩ እለየው ነበር። የራሴ ስለሆነ የሳሙና ነገር ነው አልኩ። በሳምንቱ የእጄ አንጓ ሲጨመር ሙቀት ነው አልኩ። ወገቤ ላይ ሲደርስ ቀበቶዬን ጠረጠርኩና አዲስ ገዛሁ።

ቀበቶውም ሳያድነኝ ሲቀር አንድ ዓርብ ከሥራ በኋላ መጋዘን ገባሁና በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። በካርቶኖቹ መሃል ቆሜ ራሴን ቀባሁ። ጀርባዬ አልደርስ ሲለኝ የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልዬ እንደ ግድግዳ ቀለም አስነካሁት። ቤት ስገባ ባለቤቴ ሽታው ምንድን ነው አለችኝ። «መጋዘን ውስጥ ጠርሙስ ተሰብሮ ነው» አልኳት። አንሶላው አልተቀየረም፣ ለማንም አልተነገረም። የእከኩን ዶክተር እከክ ያዘው ቢባል፣ ማክሰኞ በሩ ላይ ስቆም ማን ይሰማኛል? ሐሳቤ ይኸው ብቻ ነበር። በሁለት ሳምንቱ እንደገና በላኝ። እንደገና መጋዘን ገባሁ።

ቤት ውስጥ ሦስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴና እናቴ። ባለቤቴ ማከክ ስትጀምር «የልብስ ሳሙናው ይሆናል» አልኳት። ሳሙና ቀየረች። ሌላ ቀየረች። ሦስተኛውን እህቷ ጋ ድረስ ሄዳ አመጣች። እናቴ እጇን ስታሳየኝ ደግሞ መነጽሬን እንኳ አላጠለቅሁም። «እማዬ፣ እርጅና ነው። ቆዳ ሲያረጅ ይደርቃል» ብዬ ቫዝሊን ሰጠኋት። እናቴ የምትጠራኝ «ዶክተሩ ልጄ» እያለች ነው። ቫዝሊኑን በሁለት እጇ ተቀብላ መረቀችኝ። ቡናማ ሹራብ አለን፤ ጠዋት ብርድ ስለሆነ እኔ ለብሼው ሥራ እሄዳለሁ፣ ስመለስ እሷ ትደርበዋለች። ይህን ሹራብ ለአንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩትም።

በዚህ መሃል ልጃችን የሦስት ወር ሕፃኗን ይዛ ለአሥር ቀን መጣች። የመጀመሪያዋ ናት። እናቴ ይህን ቀን ስትጠብቅ ነው የከረመችው፤ ሁለት ትናንሽ ኮፍያ በእጇ ሠርታ ትራሷ ሥር አስቀምጣለች። ልጃችን ገና ከበሩ ስትገባ ሕፃኗን ወደ አያቷ ዘረጋች። እናቴ ሁለት እጇን ሻርፗ ሥር ከተተች።

«እጄ ደክሟል፣ ልጄ። አንቺው ያዣት» አለች።

በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ከክፍሉ ማዶ ተቀምጣ ሕፃኗን ታያታለች፣ ስትስቅ አብራ ትስቃለች። ልጃችን ተነስታ ስትጠጋት ግን ሰበብ ፈጥራ ወደ ክፍሏ ትገባለች። ኮፍያዎቹንም አላወጣቻቸውም።

በአራተኛው ቀን ልጄን ማድ ቤት ጡጦ እያጠበች ስታለቅስ አገኘኋት።

«አያቴ ልጄን አልወደደቻትም፣ አባዬ።»

«እርጅና ነው» አልኳት። ያ ቃል ለስንቱ እንደጠቀመኝ።

«እርጅና ልጅ አያስጠላም። ባሌን እንዳልወደደችው አውቃለሁ። ቂሟን በልጄ መወጣቷ ነው። እሁድ እሄዳለሁ፤ ሁለተኛም አላመጣትም።»

እናቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። የሄድኩት ልቆጣት ነው፤ ምን ይደበቃል።

«እማዬ፣ ልጅቷን እኮ አስቀየምሻት። አንድ ጊዜ ብታቅፊያት ምን ትሆኛለሽ?»

እጇን ከሻርፑ ሥር አወጣችና ጣቶቿን ፈልቅቃ ዓይኔ ሥር አመጣችው። ልክ እኔ የበሽተኛ እጅ እንደማሳየው ነው የያዘችው። እስክሪብቶ አላስፈለገም።

«ከጣት መሃል ትጀምራለች፣ ማታ ማታ ትብሳለች። ያልከው አንተ ነህ» አለች። «የግፊት መድኃኒቴን ልወስድ እየመጣሁ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሰምቼሃለሁ። ሦስት ጊዜ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ እንጂ። አንተ እርጅና ነው አልክ። አፍሮብኝ ነው ብዬ ተውኩት። የዶክተሩ እናት እከካም ናት ቢባል፣ እዚያ በር ላይ ስትቆም ማን ይሰማሃል? እኔ ምን ቸገረኝ፣ እያከክሁ እኖራለሁ። ሕፃኗን ግን አላስነካትም።»

እኔ መጋዘን ውስጥ ለራሴ ያልኩትን ነበር የምትነግረኝ። እኔ ስሜን ብዬ እሷን አስበላኋት። እሷ ስሜን ብላ የልጅ ልጇን ልጅ ሳታቅፍ ልትቀር ነው። አፈርኩ። ቀና ብዬ ላያት አቃተኝ።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ እማዬ» አልኳት። «ከሥራ ነው ያመጣሁት። ሁለት ወር አልፎታል።»

አየችኝ፣ አየችኝና፣ «ቫዝሊኑስ?» አለች።



ልጄ ነገሩን ስትሰማ ወደ አያቷ ሮጠች። እናቴ ግን ከሩቁ «እንዳትነኪኝ፣ ሕፃን ይዘሻል» ብላ መለሰቻት። ልጄም እኔን ማናገር ተወች። ባለቤቴ ጨርሼ እስክነግራት ታገሰችና «ሦስት ሳሙና» አለች። ከዚያ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ላንተ ነው» አለችኝ። «ጠርሙሱም አልተሰበረም በላ?»

«አልተሰበረም።»

«እኔ ደግሞ ሽቶ የቀየረ ወንድ መስለኸኝ ጠርጥሬህ ነበር። ኋላ ግን ይኼን ሰውዬ ማን ይፈልገዋል ብዬ ተውኩት።»

ማግሥቱ ሐሙስ ነው፣ ትምህርት የምሰጥበት ቀን። እኔ ግን ተራ ይዤ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት «ዶክተር፣ እርስዎ እኮ የሚቀመጡት ውስጥ ነው» አለችኝ። ዛሬ በሽተኛ ነኝ ስላት ትንሽ ራቅ አለች። አልፈርድባትም። ተራዬ ሲደርስ ሲስተር ጓንቷን አጥልቃ እጄን በሁለት በኩል አገላብጣ አየች። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው። በሩ ክፍት ነው፣ አግዳሚው ሁሉ ጆሮ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?»

«አምስት» አልኩ በሹክሹክታ።

«አልሰማሁዎትም።»

«አምስት ነን፣ ሲስተር። ሁላችንንም ያስበላሁት እኔ ነኝ።»

አግዳሚው ሳቀ። ያንን ሳቅ ለሃያ ስድስት ዓመት ስለምነው የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ሳልለምነው የመጣው የዚያን ቀን ብቻ ነው። ሲስተር የአራታችንን ቅባት ሰጠችኝ። ሕፃኗን ግን አስመጥታ መዝና ለእሷ የሚሆነውን ለብቻው አዘዘችላት። በሳምንቱ እንደሚደገምም ነገረችኝ፤ የማላውቀው ይመስል።

ቀኑን ሙሉ ውሃ ስናፈላ ዋልን። አንሶላው፣ ፎጣው፣ የሌሊት ልብሱ፣ ያ ቡናማ ሹራብ፣ ሁሉም ፈላ። የማይታጠበውን በፌስታል አስረን ለሳምንት ጥግ አስቀመጥነው። ከኮፍያዎቹ አንዱ ተኮማትሮ የእንቁላል ልክ ሆነ። ጎረቤታችን ገመዱ ሲሞላ አይታ በአጥሩ ላይ አንገቷን አወጣች።

«ምነው በደህና ነው?»

«እከክ ይዞን ነው» አልኳት። እንደዚያ ስል ሰማይ የሚደፋብኝ መስሎኝ ነበር።

ግራ ቀኙን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኛንም ይበላናል፤ መድኃኒቱ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ማምሻውን ሁላችንም ተቀባን። ጀርባዬን ባለቤቴ ቀባችኝ፣ የእሷን እኔ። ቤታችን ከእከክልኝ ልከክልህ ወደ ቅቢኝ ልቀባሽ ተሻገረ አልኳት፤ አልሳቀችም።

ጠዋት ታጥበን ስንጨርስ እናቴ ጋ ሄድኩ። «አሁን ማቀፍ ትችያለሽ» አልኳት።

«አሁንም ይበላኛል።»

«እከኳ ሞታለች፣ እማዬ። ማሳከኩ ነው ሁለት ሦስት ሳምንት የሚቆየው። ቆዳ ቶሎ አይረሳም።»

«እርጅና ነው ስትለኝም ልክ እንዲህ ረጋ ብለህ ነበር» አለች። «ያቺን ነርስ ልጅ ጥራልኝ።»

ጠራኋት። ሲስተር በምሳ ሰዓቷ መጣች። ከእናቴ አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና እጇን ይዛ አሥሩንም ጣት አንድ በአንድ አየች። እኔ ለዚያ እጅ መነጽር እንኳ እንዳላወጣሁለት አስታወስኩ። «እማማ፣ ማሳከኩ ይቆይብዎታል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው» አለቻት። «ወደ ሕፃኗ ግን አይተላለፍም። በሳምንቱ ይደግሙታል። እስከዚያ ጥፍርዎን በአጭሩ ይቆረጡ፣ ቆዳውን እንዳይልጡት።»

እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። አላስችል አለኝ። «ሲደገም ደግሞ ከጥፍር ሥርም—» ብዬ ስጀምር፣

«አንተ ዝም በል» አለች እናቴ፣ ዞር ብላ ሳታየኝ። «ዶክተሯ እየተናገረች ነው።»

ሲስተር መሬት መሬት አየች።

ልጄ ሕፃኗን አምጥታ፣ አንድ የቀረውን ኮፍያ አድርጋላት፣ እናቴ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። እናቴ እጆቿን ከሻርፑ ሥር አወጣቻቸው። መጀመሪያ በመዳፏ ጀርባ ነካቻት፣ ከዚያ አቀፈቻት። ሕፃኗ ትንሽ ቆይታ እንቅልፍ ወሰዳት። ልጄ እሁድ ስለመሄድ ዳግመኛ አላነሳችም። የእናቴ እጅ ማሳከኩ እንዳልለቀቀው አውቃለሁ፣ የእኔንም አልለቀቀውም፤ በሩ ላይ ቆሜ አንጓዬን ሳክ ነበር። እሷ ግን ሕፃኗ እስክትነቃ ድረስ ጣቷን እንኳ አላንቀሳቀሰችም።