የዶን ፊደንሲዮ የቁም ተዝካር

አጎቴ ፊደንሲዮ ሞቶ የተገኘው ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ በቢራ ካርቶኖች መሃል ነው። ሰውየው እኮ በሕይወት አለ! የዚያኑ ዕለት ጠዋት ቤቴ መጥቶ ቁርሴን በልቶብኝ፣ ስለ ጉልበቱ ሲያማርርብኝ ነው የተለየሁት።

እዚህ ሳን አንቶኒዮ ከተማ የሙታን በዓል ድሮ የእኛ የሜክሲኮዎቹ ብቻ ነበር። በየቤታችን ማዕድ እንዘረጋለን፣ የሞቱብንን ሰዎች ፎቶ እናቆማለን፣ የሚወዱትን እናቀርባለን፣ ዳቦ እንጋግራለን፤ አለቀ። አሁን ግን የበጋው ሙቀት ሳይበርድ ሱቁ ያብዳል። የፕላስቲክ ራስ ቅል በሉት፣ የአጽም ፒጃማ በሉት፣ ለውሻ ሳይቀር ቀሚስ አለ። ዘንድሮ ደግሞ ባሰባቸው። በሩን እንዳለፉ ውስጥ፣ በቢራ ካርቶን የተከበበ ቤት የሚያህል የሙታን ማዕድ ሠሩና፣ ከላዩ ባርኔጣ ያደረገ የአንድ ፈገግ ያለ ሽማግሌ ፎቶ ሰቀሉ። ከሥሩ «አያታችን ይወዱት የነበረ ቢራ! ሁለት ካርቶን ለገዛ ራስ ቅል በነጻ!» የሚል ጽሑፍ አለ። ሽማግሌው አጎቴ ነው።

አምና መካነ መቃብር ሄዶ የእናቱን የመቃብር ድንጋይ ሲያጥብ፣ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው «አባባ፣ ፈገግ ይበሉ» አለው። ጨዋ ነውና ፈገግ አለ። ይኸው የጨዋነት ትርፉ!

ሚስቱ፣ አክስቴ ኤርሜሊንዳ፣ ወሬውን ስትሰማ የያዘችው ሳህን ከእጇ ወደቀ። በእኛ ዘንድ የሕያው ሰው ፎቶ ሙታን መሃል አይቆምም። ከቆመ፣ ሙታኑ በበዓላቸው ማታ ሲመጡ «ይሄስ የኛ ነው» ብለው ይዘውት ይሄዳሉ ይባላል። ሌላም ይባላል፤ ሙት የቀመሰው ዳቦ መልኩ እንዳለ ሆኖ ጣዕሙ ይጠፋል። እኔ በዚህ ሁሉ አላምንም። አክስቴ ግን ታምናለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል እምቢ አለች፤ አጎቴ ጋደም ባለ ቁጥር ይተንፍስ እንደሆነ እጇን አፍንጫው ሥር ታደርጋለች።

«አንቺ አሮጊት፣ ልታፍኚኝ ነው?» አላት በበዓሉ ዋዜማ።

«ዝም በል አንተ ሽማግሌ! ከነገ ማታ በፊት ያ ፎቶ ይውረድ። ካልወረደ እኔም አብሬህ ነው የምሄደው።»

ቀልዷን አልነበረም። ቀሚሷ ሰፍቷት ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። አጎቴ ስለ ራሱ ግድ አልነበረውም፤ ስለ እሷ ግን ፈራ።

የሱቁ ኃላፊ ሮድኒ ትሬቪኞ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ አያቱ ዶኛ ቺታ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ታማሌ የሚባለውን የበቆሎ ጥቅል እየሸጠች ነው ያሳደገችው። ክራባት ካሰረ ወዲህ ስፓኒሽ ጠፍቶበታል። አጎቴ የዚያኑ ዕለት ሄዶ ፎቶው እንዲወርድ ለመነው።

«ዶን ፊደንሲዮ፣ በእኔ እጅ አይደለም» አለው። «ከዋናው ቢሮ የመጣ ነው። በዓሉ ሲያልፍ እናወርደዋለን።»

«በዓሉ ሲያልፍማ እኔም አልፋለሁ፣ ልጄ።»

ሮድኒ ሳቀ። ባይስቅ ይሻለው ነበር።

በማግስቱ፣ የበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ አጎቴ ያቺኑ የፎቶውን ባርኔጣ አድርጎ፣ ወንበር ተሸክሞ ሱቁ ገባ። እኔም ተከተልኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዲያመልጠኝ ሞኝ ነኝ? ፎቶው ሥር ተደላድሎ ተቀመጠ፣ መሐረቡን አንገቱ ላይ አሰረና ከማዕዱ ዳቦ አንስቶ ገመጠ።

ሮድኒ እየሮጠ መጣ። «ዶን ፊደንሲዮ! ምን እያደረጉ ነው? ይሄ እኮ የሟች ነው!»

«የየትኛው ሟች?»

«የ…» ሮድኒ ቀና ብሎ ፎቶውን አየ።

«ለኔ አይደል ያቀረባችሁት? የቁም ተዝካሬን እየበላሁ ነው። ቢራውን ግን አንሱልኝ፤ የገደለኝ እሱ መሰለኝ። ይልቅ ትኩስ ቸኮሌት አምጡልኝ።»

ገበያተኛው ተሰበሰበ። አንዷ «ነፍስ ይማር፣ ዶን ፊደንሲዮ!» ስትለው፣ «አሜን፣ አንቺን ያኑርሽ» አላት። ሌላው ከጋሪው ሙዝ አውጥቶ አቀበለው። ካርቶን የተሸከሙት አንድ በአንድ መመለስ ጀመሩ፤ አያት የገደለ ቢራ ማን ይገዛል? እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

«ወይ ይክፈሉ ወይ ይውጡ!» አለ ሮድኒ፣ ላብ አጥምቆት።

«ሙት አይከፍልም። ሙት ከሆንኩ ቸኮሌቴን አምጣ፤ ሕያው ከሆንኩ ፎቶዬን አውርድ። ምረጥ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለመሆኑ ሮድኒ፣ ዘንድሮ የዶኛ ቺታን ፎቶ የት አቆምክላት?»

ሮድኒ ጆሮው ቀላ። ዞር ብሎ መሰላል እንዲያመጡ አዘዘ።

ገና ሳይመሽ ቤት ደረስን። አክስቴ ፎቶውን በአጎቴ ብብት ሥር ብታየውም አላረፈችም። «ሙታኑ ቀድመው አይተውት ቢሆንስ?» አለች። «ከነሱ ጋር ቆጥረውህ ቢሆንስ?»

አጎቴ ከኪሱ የተገመጠውን ዳቦ አወጣ። «ከሙታን ማዕድ ላይ አንስቼ በአፌ የገመጥኩት ነው። ከነሱ ከሆንኩ ጣዕም አይኖረውም። ቅመሺዋ።»

ቆረሰች። ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አላመጠች። አፏን አፏን አየሁ፤ አላምንም ያልኩት እኔ!

«ስኳር በዝቶበታል» አለች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ። የቀረውንም ከእጁ ነጥቃ በላችው።