ለመጠቀም የሚያሳሳው ክሪስታል

ወንድሜ ኦቶማር መናገር አይወድም። “ዝም አይነቅዝም” እያሉ የሚተርቱትን ሁሉ ለአንድ ሳምንት እሱን ባውሳቸው ደስ ይለኝ ነበር። ቁርስ ላይ ዝም፣ ምሳ ላይ ዝም፤ ማታ ቢራ ቤት ሲሄድ ደግሞ ከሌሎች ዝምተኞች ጋር ተሰብስቦ ዝም። ሥራው ክሪስታል መጥረብ ነው። ከሚሽከረከረው ድንጋይ ፊት ተቀምጦ፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት፣ መስታወት ላይ ኮከብ ሲቀርጽ ይውላል። ድንጋዩ ስለሚጮህ እዚያ ማንም ማንንም አይሰማም። ለእሱ ገነት ነው።

እኔ ቭላስታ እባላለሁ፤ ታላቅ እህቱ ነኝ። ሁለታችንም ሳናገባ፣ አባታችን በተወልን ቤት ውስጥ እየተነጫነጭን አብረን ሸበትን። የተነጫነጭኩት እኔ ነኝ፤ የሸበተው እሱ ነው። እኔ ባል አልፈለግሁም፤ የሚያገባኝ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮም እስከ ዛሬ በሕይወት መኖሩን እጠራጠራለሁ። ኦቶማር ግን ማግባት ይፈልጋል። የሚፈልጋትም ድራሆሚራን ነው፤ ከድልድዩ ማዶ የምትኖረውን፣ ባሏ የሞተባትን፣ ስትስቅ እኛ ጓሮ ድረስ የምትሰማውን ሴት። ይህን መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ እሷ ብቻ አታውቅም።

በእኛ መንደር በብሩሲ ሰው ሲዳር፣ ጡረታ ሲወጣ፣ በቀን መቁጠሪያው ላይ ስሙ የተጻፈበት የስሙ ቀን ሲውል የሚሰጠው ስጦታ አንድ ነው፤ የክሪስታል አበባ ማስቀመጫ። ሰጪው ጠራቢ፣ ተቀባዩ ጠራቢ፣ መሃል ገብቶ የሚያጨበጭበውም ጠራቢ። ቡፌዎቻችን ከሞሉ ዘመን የላቸውም። ስለዚህ ካርቶን ሲመጣ ማንም አይከፍተውም። በእጁ መዘን ያደርግና፣ “ውይ፣ ለመጠቀም ያሳሳል” ብሎ አመስግኖ ቁም ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። የሌላ ሰው በዓል ሲደርስ ያንኑ ካርቶን ብብቱ ሥር አድርጎ ይሄዳል። ሁሉም ያደርገዋል፤ አደረግሁ የሚል ግን የለም። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ለሰጠህ ሰው መልሰህ እንዳትሰጥ። አበባ እንደሆነ የሚገባው በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር በነበረበት ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ክሪስታል ውስጥ ውሃ የሚጨምር ሰው በብሩሲ አይቼ አላውቅም።

እናላችሁ ባለፈው መከር ኦቶማር ከሥራ መልስ ጓሮ ካለችው ክፍሉ እየገባ በሩን መዝጋት ጀመረ። ጥር ላይ፣ የድራሆሚራ የስም ቀን ሲደርስ፣ ካርቶን በሲባጎ አስሮ ይዞ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ቀልቶ ነበር።

“ጠየቅኋት” አለኝ።

“አፍህን ከፍተህ?”

“በክሪስታሉ ላይ። ‘ታገቢኛለሽ?’ ብዬ ቀርጬበታለሁ።”

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። “ካርቶኑን ትከፍተዋለች ብለህ ነው?”

“የእኔን ትከፍታለች” አለ። ደግሞም ለእሷ እንዳልነግራት በእናታችን መቃብር አስማለኝ። ራሷ አንብባ፣ ራሷ አስባ፣ ራሷ እንድትመልስ ነው የሚፈልገው። እንዲያ ብሎ ሲያየኝ አሳዘነኝና ምላሴን ነከስኩ። ምላሴን መንከስ ምን ያህል እንደሚያመኝ የሚያውቀኝ ያውቃል።

በሳምንቱ ዳቦ ቤት ደጃፍ አገኘናት። ኦቶማር ባርኔጣውን አውልቆ እጁ ላይ ያሽከረክረው ጀመር።

“ወይዘሮ ድራሆሚራ፣ ያንን ነገር… አዩት?”

“እንዴታ፣ አቶ ኦቶማር። እንዲህ ያለ ነገር ሳይታይ ይቀራል?”

“እና… ምን አሉ?”

“ምን እላለሁ፤ ለመጠቀም ያሳሳል።”

“አይ፣ ማለቴ… አሰቡበት?”

“ኧረ እያሰብኩበት ነው። እንደዚህ ያለ ዕቃ እንዲሁ ዝም ብሎ አይቀመጥማ። ቦታ ይፈልጋል።”

ኦቶማር እስከ ቤታችን ድረስ እያፏጨ ሄደ። እያሰበችበት ነው፣ ለቁም ነገር ቸኩላ የምትመልስ ሴት አይደለችም፣ አለኝ። የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። ባገኛት ቁጥር “አሁንም እያሰቡበት ነው?” ይላታል፤ እሷም የሚለው የቡፌዋን መደርደሪያ እየመሰላት “አሁንም” ትለዋለች። ሁለት ትልልቅ ሰዎች። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዳቦዬን እቆርሳለሁ።

ሰኔ ላይ ኦቶማር ስድሳ ሞላው። በሽማግሌው ሂኔክ ቢራ ቤት ውስጥ ድግስ ተደገሰ፤ የተጠበሰ ዳክዬ፣ ክኔድሊኪ የምንለው የተቀቀለ ሊጥ፣ ጎመን፣ የፕሪም አረቄ። ድራሆሚራ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ካርቶን ታቅፋ ገባች።

“እንኳን አደረሰዎት፣ አቶ ኦቶማር።”

ወንድሜ ካርቶኑን ተቀበለ። ሲባጎውን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ያ ቋጠሮ የእሱ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ሲያስር ሲባጎውን ሁለቴ አዙሮ፣ ጫፉን ከሥር መልሶ የሚወሽቃት ቋጠሮ አለችው፤ ከእሱ በቀር የሚቋጥራት የለም።

“አመሰግናለሁ” አለ ቀስ ብሎ። “ለመጠቀም ያሳሳል።”

ቤት ስንደርስ ካርቶኑን አልጋው ሥር ገፋ አደረገው። “እምቢ አለችኝ። በሰው ፊት፣ በገዛ ዕቃዬ። ሰኞ ኦስትራቫ እሄዳለሁ።”

“ኦስትራቫ ምን ልትሠራ?”

“የአጎታችን ልጅ እዚያ የመስኮት መስታወት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል።”

ያኔ ነው የደነገጥኩት። ክሪስታል ጠራቢ የመስኮት መስታወት ልሥራ ሲል፣ ቄስ ቅስናውን ጥሎ ፖሊስ ልሁን እንደማለት ነው። ሻንጣውን ሲያወርድ ባየሁ ጊዜ ጫማዬን በቅጡ ሳላስር ወጥቼ ድልድዩን ተሻገርኩ።

ድራሆሚራ ኪያር ስታጥብ ደረስኩባት።

“አንቺ ሴት፣ ወንድሜን በሰው ፊት ለምን አዋረድሽው?”

“እኔ? ምን አደረግሁት?”

“የሰጠሽን ክሪስታል ለምን መለስሽለት?”

ኪያሩ ከእጇ ወደቀ። ዐይኗ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ፣ ወደ ግድግዳው ሄደ፣ ወደ እኔ ተመለሰ። “ቀለም ቀቢዎቹ ናቸው” አለች በሹክሹክታ። “ለፋሲካ ቤቱን ሲቀቡልኝ ካርቶኖቹን በሙሉ አውጥተው አደበላለቁብኝ።” ወዲያው ግን አንገቷን ቀና አደረገች። “ማለቴ… አውቄ ነው የመለስኩት። ከፍቼ አይቼዋለሁ።”

“ከፍተሻል?”

“በደንብ አድርጌ።”

“ምን ተቀርጾበታል?”

“ኮከብ።”

“ከኮከቡ ሌላስ?”

ድራሆሚራ ትንሽ አሰበች። “ሌላ ኮከብ።”

“እና ሁለት ኮከብ አይተሽ ነው የመለስሽው?”

“ጭረት ነበረው። እንዲያስተካክለው ብዬ ነው።”

ጭረት። በወንድሜ ሥራ ላይ። ይህን ቢሰማ ኦስትራቫም ሳይደርስ መንገድ ላይ ይሞታል። ሴትዮዋን ግን ማልቀስ ብቻ ነበር የቀራት። በብሩሲ ካርቶን ሳትከፍት አሳለፈች ከመባል ጨካኝ መባል ይሻላል፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ይኼንኑ እዋሽ ነበር። እውነቱን ልነግራት አፌ ድረስ መጣ። የእናቴ መቃብር ትዝ አለኝ። “እንዲህ ብለሽ ለማንም እንዳትናገሪ” ብዬ ብቻ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ካርቶኑን ከአልጋው ሥር ጎትቼ ወጥ ቤት የተቀመጠው ኦቶማር ጭን ላይ ጣልኩት።

“ቋጠሮውን እየው።”

“አይቼዋለሁ። የእኔ ነው።”

“ያንተ ከሆነ ማን ፈታው? ከፈታችው በኋላስ ማን እንዳንተ አድርጎ ቋጠረው? ፀጉር የምታህል ጭረት ከመንገድ ማዶ የምታይ ሰውዬ፣ አፍንጫህ ሥር ያለ ሲባጎ አላየህም?”

ቋጠሮውን በጣቱ ዳበሰው። ፊቱ በራ። “እምቢ አላለችኝም ማለት ነው።” ከዚያ ጠቆረ። “አልከፈተችውም። የእኔን እንኳ አልከፈተችውም።”

“ያንተ አልጋ ሥር ያሉት እነዚያ ካርቶኖችስ? አንዱን ከፍተህ ታውቃለህ?”

አንገቱን ደፋ።

ቢላዋ አምጥቼ ሲባጎውን በጠስኩት። ኦቶማር የታሸገበትን ጭድ ገለጥ አድርጎ ክሪስታሉን አወጣው፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ከአንገቱ እስከ እግሩ ትንንሽ ኮከቦች ይወርዱበታል፤ መሃላቸው እንደ ሕፃን ጥፍር በቀጠኑ ፊደላት ያቺ ጥያቄ ተጽፋለች። በመስኮት የገባው ብርሃን እላዩ ላይ ሲሰበር የወጥ ቤታችን አሮጌ ግድግዳ ሁሉ ነጥብ በነጥብ ሆነ። ይህን የሚያህል ነገር ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው ለካ ቁርስ ላይ ዝም የሚለው። እንባዬ መጣ፤ ተናደድኩም።

“ውሰድላት” አልኩት።

“መልሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች።”

እውነቱን ነው። ለገና፣ ለፋሲካ ከጎረቤት ጎረቤት ሲዞር ይከርማል። ትንሽ አሰብኩና ክሪስታሉን ነጥቄው ወደ ቧንቧው ሄድኩ።

“ቭላስታ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ውሃ ነው እኮ።”

“ውሃ ያለበት ዕቃ ቁም ሳጥን አይገባም። ለሌላ ሰውም አይሰጥም። ዝም በል።”

ጓሮ ወርጄ ጽጌረዳ ቆረጥኩና ሞላሁት። ወንድሜ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። በመጨረሻ ግን ተነሣ፣ ባርኔጣውን አደረገ፣ ዕቃውን በሁለት እጁ ታቅፎ ወጣ። እኔም ራቅ ብዬ ተከተልኩት።

መንደሩ በሩ ላይ ወጣ። ውሃው በየርምጃው ደረቱ ላይ ይፈስሳል። ሽማግሌው ሂኔክ ከቢራ ቤቱ ደጃፍ አበባ የያዘ ክሪስታል ሲያይ ቀብር መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ።

“ማን ሞተ?” ሲል ጠየቀኝ።

“እስካሁን ማንም” አልኩት።

ድራሆሚራ ከበሯ ላይ ቆማ ጠበቀችው። እኔ ከአጥሩ ጀርባ ተሸጎጥኩ። ኦቶማር አፉን ከፈተ። ስድሳ ዓመት ሲጠብቅ የኖረው ቃል የሚወጣ መስሎኝ ነበር።

“ውሃ አለው” አለ።

“አየሁት” አለች። “ውይ፣ ለመጠቀም ያሳ…” ብላ ጀምራ አቆመች፤ ሰውየው እየተጠቀመበት ነዋ። የጽጌረዳው ግንድ ፊደሉን ሸፍኖታል፤ ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ክሪስታሉን ተቀብላው ገባች። በተከፈተው በር አየኋት፤ አበባውን አውጥታ ኪያር ጠርሙስ ውስጥ አደረገችው፣ ውሃውን ደፋችው፣ ዕቃውን በሽርጧ አድርቃ፣ ሰውነቷ በለመደው መንገድ ወደ ቁም ሳጥኑ አመራች። መሐላዬ ስለ ተጻፈው እንዳልነግራት ነው፤ ማንበብ እንዳላስታውሳት አልማልኩም።

“ድራሆሚራ!” ብዬ ከአጥሩ በላይ ጮህኩ። “መነጽርሽን አድርጊና እየው!”

ዘወር አለች። መነጽሯን አደረገች። ክሪስታሉን ወደ ብርሃኑ ቀና አድርጋ ቆየች። በሩ ላይ የቆመው ወንድሜ ባርኔጣውን ይጨማድዳል።

“አቶ ኦቶማር” አለች። “ከጥር ጀምሮ ‘አሰቡበት?’ ሲሉኝ የነበረው ይሄንን ነው?”

“እ…አዎ።”

“እኔ እኮ የት እንደማስቀምጠው የጠየቁኝ መስሎኝ ነው።” ሳቀች፤ ያ ሳቋ ወንዙን ተሻገረ። ከዚያ በሽርጧ ዐይኗን ጠረገች። “አልከፈትኩትም ነበር። ለቭላስታም ጭረት አለው ብዬ ዋሽቻለሁ።”

“ጭረት?” አለ ወንድሜ ደንግጦ።

“የለውም። አንድም የለውም።”

አበባውን ከኪያር ጠርሙሱ አወጣች። ክሪስታሉ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ቀዳች፣ ጽጌረዳውን አስገባች፣ ወሰደችና ምግብ የሚበላበት ጠረጴዛዋ መሃል ላይ፣ ከዳቦውና ከጨው ዕቃው አጠገብ አኖረችው።

“ቦታው እዚህ ነው” አለች። ወንበር ሳበችለት። “አንተም ና፣ ተቀመጥ።”

እሱም ገብቶ ተቀመጠ፤ ደረቱ እንደ ራሰ።

በመስከረም ተጋቡ። ቁም ሳጥናቸው በካርቶን ሞላ፤ እኔን ምን አገባኝ። ወንድሜን በመዳሬ ደስ ብሎኛል፤ ቤቱም ጭር ብሎብኛል። ቁርስ ላይ ዝም የሚለኝ ሰው አጣሁ። ከሠርጉ በኋላ በነበረው እሑድ ድራሆሚራ ልታመሰግነኝ መጣች፤ ካርቶን ታቅፋ። እኔም ከእንግዲህ የመጣልኝን ሁሉ እከፍታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበርና እሷ ፊት ቁጭ ብዬ ሲባጎውን ፈታሁ። ከአምስት ዓመት በፊት ለሃምሳኛ ዓመቷ የሰጠኋት ዕቃ ነበር።

ድራሆሚራ አየችኝ። እኔም አየኋት።

“ቀለም ቀቢዎቹ ናቸው” አለች።

ተነሥቼ ውሃ ቀዳሁበት፤ ኦቶማር ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።