አራት ጣት ያለው ጉሬዛ

ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም፤ አራት ጣት ብቻ ነው ያለው። የመቱ ሰው ግማሹ ይህን አያውቅም፣ ጫካው ጓሮው ድረስ መጥቶለት እንኳ ልብ አላለውም። ብነግራቸው ይስቁብኛል። እኔም ብሆን ያወቅሁት ከልጄ ነው። ያደታ ገና ስድስት ዓመቱ ሳለ፣ አባቱ ስንት ወር የደከመበት የፎቶ ቤት መጋረጃ ላይ በከሰል ጉሬዛ ሳለበት። አለንጋ ይዤ ስነሳበት፣ "እማዬ፣ መጀመሪያ ጣቱን ቁጠሪ" አለኝ። ቆጠርኩ። ሳቄ መጣና አለንጋውን ጣልኩት።

ምንዳዬ እባላለሁ። መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ቤት የእኔ ነው። አያቶቼ ለመንግሥት ሥራ ከሸዋ ጎሬ የመጡ ናቸው፤ ባሌ ደቅሲሳ ግን የሶር ልጅ ነበር። መጋረጃውን አቡጀዴ ወጥሮ የሳለው እሱ ነው፤ የሶር ፏፏቴ፣ በቀኝ በኩል አንድ ትልቅ ዛፍ። በመቱ የተዳረ፣ የተመረቀ፣ ክርስትና ያስነሳ ሁሉ ከዚያ ውሃ ፊት ተቀምጦ ተነስቷል። አሁን አሁን ልጆቹ ከኋላዬ ዱባይን አድርጊልኝ ይሉኛል። ሂዱና እዚያው ዱባይ ተነሱ እላቸዋለሁ።

በ2009 አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ያደታ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር፣ አባቱም ከሞተ ዓመት አልፎታል። ጓደኞቹን ከዶርም እያወጡ ሲወስዷቸው እሱ በአጥር ዘሎ ወደ ሶር ሄደ፣ ወደ አባቱ እህት ወደ ዲንቄ። ቤቴ ሁለት ጊዜ ተፈተሸ። ስልክ መነጋገር አልቻልንም፤ ሃሎ ስል የሌላ ሰው ትንፋሽ እሰማ ነበር። ደሜ እየፈላ "አንተ የምትተነፍሰው፣ ጉንፋን ይዞሃልና ታከም" ብዬ ዘግቼበት አውቃለሁ።

የምንላላክበትን ዘዴ ያመጣው ያደታ ነው፣ ሳይሄድ በፊት። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የደንበኞቼን ፎቶ እሱ በስልኩ በከፈተልኝ የፎቶ ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ አወጣ ነበር። እሱ እሑድ ከሰዓት ኔት በሚይዝበት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ያያል። ሙሽራዋን አይደለም የሚያየው፣ ከኋላዋ ያለውን ዛፍ ነው። ዛፉ ላይ ጉሬዛ ካለ አገር ሰላም ነው፣ ና ማለት ነው። ከሌለ እዚያው ቆይ ነው። ጉሬዛውን በጠመኔ እስለዋለሁ ተባብለን ነበር፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠፋል። አምስት ወር ሙሉ ግን ጠመኔውን አላነሳሁትም። ዛፉ ባዶውን ቆየ።

ከዚያ ሁለት ሰዎች ጉርድ ፎቶ እንነሳለን ብለው መጡ። ተነሱ። ሲጨርሱ መታወቂያ አሳዩኝና ኮምፒውተሩን እናያለን አሉ። አንደኛው፣ ረጅሙ፣ መጋረጃው ፊት ቆሞ ዛፉን በጣቱ እየዳበሰ ብዙ ቆየ። ጥሩ ሥዕል ነው አለኝ፣ ድምፁ ትሁት ነበር። ከያደታ ጓደኞች አንዱ ተገርፎ የጉሬዛውን ምልክት ነግሯቸው ይሆናል፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ ባውቅም አልፈርድበትም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጎረቤቴ አስካለማርያም ስልኳን ይዛ ገባች። እሷ የሞባይል ካርድ ትሸጣለች፣ ቀኑን ሙሉ ስልኳ ላይ ናት። ጉሬዛዬ እንዴት እንደሚያምር ልትነግረኝ ነበር የመጣችው። የምን ጉሬዛ አልኳት። አሳየችኝ። ያለፈው ሳምንት ሙሽራ፣ የጎሬው ዲያቆን፣ መንትዮቹ፤ ሁሉም ፎቶ ላይ፣ ዛፉ ላይ፣ ጉሬዛ ተቀምጧል። ዞሬ መጋረጃውን አየሁ። ዛፉ ባዶ ነው። ስልኩን አየሁ። ነጭ ጭራውን ቁልቁል ለቆ፣ ከሙሽራዋ ራስ በላይ ሆኖ በቀጥታ ወደ እኔ ያያል። ክው አልኩ።

ፎቶውን አስፍቼ እጁን አየሁት። አምስት ጣት።

ገጼን ልከፍት ብሞክር የይለፍ ቃሌን እምቢ አለኝ። ወደ ደጅ ስመለከት ሁለቱ ሰዎች ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ረጅሙ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። ልጄን በእኔ ገጽ፣ በአባቱ ሥዕል፣ በራሱ ጉሬዛ እየጠሩት ነው። የእሱ ስልክ ደግሞ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው፣ ጣት ሊያስቆጥር አይችልም። ነገ አይቶ ሰኞ ይመጣል።

ሰው እንዳልልክ የሶር መንገድ ኬላ አለበት። የት ነው፣ ለምንድን ነው፣ ማን ዘንድ ነው ብለው ሳይመዘግቡ አያሳልፉም። ራሴ ብሄድ ተከትለውኝ ይገባሉ። እንዲህ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከታች ሰፈር የእድር ጥሩምባ ተነፋ፤ አንድ ሽማግሌ ሞተው ነበር። ወዲያው አንድ ሰው መርዶ ይዞ በሞተር ወጣ፣ ኬላውም ሳይጠይቅ እንዳሳለፈው ሰማሁ። መርዶ የያዘን ሰው በእኛ አገር ማንም አያቆምም፣ ወታደሩም ቢሆን እናት አለው። ያን ጊዜ ያሰብኩትን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

እሑድ ማለዳ ወደ እድሩ ሰብሳቢ ወደ ጋሼ አሰፋ ሄጄ፣ ልጄ ያደታ ሞቷል አልኳቸው። ከጋምቤላ የመጣ መንገደኛ ነገረኝ፣ ባሮ ወስዶታል፣ ሬሳውም አልተገኘም አልኩ። እሳቸው የክርስትና አባቱ ናቸው። ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። እውነቱን ልነግራቸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ግን ሳያውቁ ካላለቀሱ ማን ያምናቸዋል። ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ መርዶ ነጋሪው ወደ ዲንቄ በረረ።

ፎቶውን እኔው ራሴ አተምኩት። የልጄ ፊት ከማተሚያው ግንባሩ ቀድሞ ቀስ እያለ ወጣ። ጥቁር ጨርቅ አሰርኩበት። አስመስላለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት፤ ድንኳኑ ውስጥ ስገባና ሴቶቹ ስሙን ሲጠሩት ግን ከየት እንደመጣ የማላውቀው ለቅሶ አለቀስኩ። ካህኑ ነፍስ ይማር ሲሉ ነፍሱ በቁሙ ወጥታ የምትሄድ መሰለኝ፤ አሜን ማለት አቃተኝ።

ሁለቱ ሰዎችም መጡ። ቁጭ አሉ፣ ንፍሮ ዘገኑ። ረጅሙ ፎቶውን ሲያይ ቆየና አጠገቤ ተንበርክኮ እግዜር ያጥናዎት አለኝ። ያመነኝ ይሁን አይሁን ከፊቱ ላይ ማንበብ አልቻልኩም። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑን አልለቀቀም።

ዲንቄ እሑድ ማታ ደረት እየመታች ገባች። ዓይኔን አላየችም። በሦስተኛው ቀን ልትሄድ ስትል አቀፈችኝና፣ ሰው እያለቀስን መስሎት ዞር ሲል፣ ጆሮዬ ላይ ነገረችኝ። መርዶ ነጋሪው ደጇ ቆሞ ሲጮህ ያደታ ከጓዳ በቀርከሃው ግድግዳ በኩል የራሱን ሞት ሰምቷል። እሷም ሰውየው ፊት መጮህ ነበረባት፤ ልጁ ቆሞ እያያት በቁሙ አለቀሰችለት።

"ሰምቷል" አለችኝ። "በጋምቤላው መንገድ፣ በቡሬ በኩል ሄዷል። ስልኩን ወንዙ ውስጥ ጣለው።"

ሰዎቹ ከሻይ ቤቱ ጠፉ። ገጹም ዝም አለ። አንጀቴ ራሰ፤ ልጄን አወጣሁት አልኩ።

በ2010 ነገሩ ሲለወጥ የታሰረው ተፈታ፣ የተሰደደው ገባ። መናኸሪያው በጭፈራ ሲናወጥ ከአውቶቡስ አውቶቡስ እየሄድኩ ፊት አየሁ። ሰዎች ከንፈር ይመጡልኝ ነበር፣ ምስኪን፣ በልጇ አበደች እያሉ። አልሞተም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት ብዬ ለጋሼ አሰፋ ተናገርኩ። እጄን ይዘው አለቀሱ እንጂ አላመኑኝም። ቀበሌ ቢሮ ሄጄ ልጄን ፈልጉልኝ ስል አንዲት ልጅ መዝገብ አገላበጠች።

"እናቴ፣ ሟች ነው የሚለው" አለችኝ። "ያስመዘገቡትም እርስዎ ነዎት።"

ዓመት በዓመት ላይ ተጨመረ። ዲንቄም ሁለት ዓመት ሆናት ካረፈች፣ ቤቷ ተዘግቷል። ፎቶው እስከነጥቁር ጨርቁ ግድግዳዬ ላይ ነው። ላወርደው ስነሳ ሰው ለምን ይለኛል፤ ስተወው ደግሞ ቀን በቀን እኔው እገድለዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ አስካለማርያም ስልኳን ይዛ ገባች። ሰጠችኝ። ያ ዝም ያለው ገጽ አንድ ፎቶ አውጥቷል። መጋረጃው አይደለም፣ እውነተኛው ሶር ነው፣ ጭጋጉ ይታያል። ከውሃው ፊት የዲንቄ በርጩማ ተቀምጧል፤ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ ነው፣ ደቅሲሳ ያሰረላት፣ በሺህ በርጩማ መሃል እለየዋለሁ። በርጩማው ላይ ማንም የለም። በቀኝ በኩል፣ ዛፉ ላይ፣ በስልክ የተጫረ ጉሬዛ አለ።

አሰፋሁት። ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። አራት።

ወይ ልጄ ነው፣ ወይ ደግሞ የጣቱን ምስጢር ከልጄ አፍ ያወጣ ሰው ነው። ሌላ ሦስተኛ ነገር የለም። አስካለማርያም ወጥመድ ነው፣ አትሂጂ ብላ ቀሚሴን ይዛ ለመነችኝ። ልክ ልትሆን ትችላለች፣ ያ ረጅሙ ሰውዬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ግን ጉሬዛው ና ነው የሚለው፤ እኔ ስጠራው ቢሆን ኖሮ ልጄ ሳያመነታ ይመጣ ነበር። አንዴ በአፌ ገድዬዋለሁ። አሁን እየጠራኝ ብቀር ሁለተኛ መግደሌ ነው።

ዛሬ ጠዋት ፎቶውን አወረድኩት። ከኋላው ያለው የግድግዳው ቀለም አልደበዘዘም፣ እንደ አዲስ ነው። ጥቁሩን ጨርቅ ፈትቼ አስካለማርያም እጅ ላይ ከቁልፉ ጋር አስቀመጥኩት። እስከ ሰኞ ካልተመለስኩ ለጋሼ አሰፋ ጥሩምባውን ያስነፉ በያቸው አልኳት፤ የአሁኑ ውሸት አይሆንም። የሶሩ ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ነው የቀረው።