የቱቦው ተራ የእኔ ነበር

የአክስቴ ልጅ ዳርሊን እኛ ቤት የገባችው እኔ አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ክረምት ነው። አሥራ አንድ ዓመት መሙላት እኛ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። አባቴ ኦረስት በየዓመቱ ጓሯችን ውስጥ የበረዶ መንሸራተቻ ይሠራል፤ በረዶው ላይ በጎማ ቱቦ ውሃ እየረጨ ግግር የሚያደርገው ደግሞ ከልጆቹ አሥራ አንድ ዓመት የሞላው ነው። ወንድሜ ታራስ ሰባት ክረምት ሙሉ ቱቦውን ከእጁ አላወጣም። እኔ ሰባቱንም ክረምት አካፋ ተሸክሜ ጠርዝ ጠርዙን ስጠርግ፣ አፍንጫዬ ሲቀላና ሲላጥ ከረምኩ። በዚያ ዓመት ታራስ ሩቅ አልበርታ ክፍለ ሀገር ሄዶ ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ሥራ ያዘ። ሲሄድ እናቴ አለቀሰች፣ አባቴም ፊቱን አዞረ። እኔ የማስበው ስለ ቱቦው ነበር።

ቱቦ ያዥ ሌላም መብት አለው። አባዬ ግግሩን በተረከዙ መታ መታ አድርጎ «ይበቃል» ያለ ዕለት፣ ማንም ሳይረግጠው መጀመሪያ የሚንሸራተትበት እሱ ነው። ያን የመጀመሪያ ጭረት የእኔ ለማድረግ ስንት ዓመት እንደጠበቅኩ የማውቀው እኔ ነኝ።

ኅዳር ላይ አክስቴ ስቴላ ሳንባዋን ታማ የምትኖርበት ሬጂና ከተማ ሆስፒታል ገባች። ባሏ ጥሏት ከሄደ ቆይቷል። ስለዚህ ዳርሊን አንዲት ሻንጣ ይዛ ከአውቶቡስ ወርዳ እኛ ጋ መጣች። ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ነበር። ጠይቄ ነው ያወቅኩት።

ራት ላይ አባዬ ማንኪያውን አስቀመጠና «ዘንድሮ ቱቦውን ዳርሊን ትይዛለች» አለ።

«አባዬ! ተራው እኮ የእኔ ነው!»

«ታላቅሽ ናት። ደግሞም እንግዳ ናት።»

«የከተማ ልጅ እኮ ናት! ቱቦና እባብ ለይታ አታውቅም!»

«ሶንያ! አፍሽን ዝጊና ሾርባሽን ጠጪ!» ጠረጴዛውን ሲመታው የቀይ ሥሩ ሾርባ ጨርቁ ላይ ፈሰሰ። እማዬ እየጠረገች «ለከርሞ ይደርስሻል» አለችኝ። ከርሞ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ትልቅ ሰው ይረሳዋል።

ሥራው ቅዳሜ ተጀመረ። አባዬ፣ ዳርሊንና እኔ ጎን ለጎን ሆነን የወደቀውን በረዶ እየረገጥን አጠበቅነው፤ ዙሪያውን በአካፋ ከመርን። ከዚያ በየቀኑ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ውሃ ይረጫል። ትንሽ ትንሽ፣ ስስ ስስ። አባዬ ከዳርሊን ኋላ ቆሞ እጁን ጓንቷ ላይ ጭኖ ያስተምራታል፦ «ወደ ኋላ እየሄድሽ። እንዳትቆሚ። ከቆምሽ ጉብታ ይሆናል። እንዲህ ነው፣ ጎበዝ፣ ዳርሊንዬ።»

ዳርሊንዬ! እኔን አንድ ቀን ሶንያዬ ብሎኝ አያውቅም። ለእኔ የሚደርሰኝ ሌላ ነበር፦ «ሶንያ! አካፋው ላይ ተኛሽበት እንዴ? ሶንያ! ጠርዙን አታፍርሺው! ሶንያ፣ ኮፍያሽ የታለ?» የሚያስተምራትን ነገር ሁሉ እኔ ከአራት ዓመቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ስትሳሳት እየሳቀ ያርማታል። ሲስቅ ጥርሱ እስኪታይ ድረስ ነው።

ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም። ሌሊት እሷ አጠገቤ ስትተኛ አተነፋፈሷ ሳይቀር ያናድደኝ ነበር።

ቱቦ አንድ ጣጣ አለው። ሥራው እንዳለቀ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ትከሻ ላይ እያሳለፉ ውስጡ የቀረውን ውሃ ማፍሰስ፣ ከዚያ ጠቅልሎ ምድር ቤት ማሞቂያው አጠገብ ማሳደር ግድ ነው። ውጭ ካደረ በብርዱ ይሰነጠቃል፤ አለቀለት። በእኛ ትንሽ ከተማ ቱቦውን ውጭ ያሳደረ ሰው እስከ ሚያዝያ ድረስ መሳቂያ ነው፤ ዳቦ ሊገዛ ቢገባ እንኳ «ቱቦህ ደህና አደረ?» ይሉታል።

በስድስተኛው ቀን ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ገብቶ ነበር። አባዬ አካፋዎቹን ሊያስቀምጥ ጋራዥ እንደገባ እማዬ የጓሮውን በር ከፍታ ጮኸች፦ «ዳርሊን! ነይ ቶሎ፣ እናትሽ ስልክ ላይ ናት!»

ዳርሊን ቧንቧውን ዘጋችና ቱቦውን እግሬ ሥር ጣለችው። «ሶንዬ፣ በናትሽ አስገቢልኝ» አለችና እየተንሸራተተች ሮጠች።

«እሺ» አልኳት።

ከዚያ ቆምኩ። ቱቦውን አየሁት። ከአፉ ውሃ ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ እያየሁት ጠብታው ቀዘቀዘና ቆመ። በፊት ለፊት በር ዞሬ ገባሁ፣ ካፖርቴን ሰቀልኩ፣ እጄን ታጠብኩ። ረስቼ አልነበረም።

ጠዋት አባዬ ቱቦውን ሊያነሳ ሲል ከሁለት ቦታ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ቁራጩን እንደያዘ ወጥ ቤት ገባ።

«ይሄን ማነው ውጭ ያሳደረው?»

ገንፎዬ ላይ አፈጠጥኩ። ዳርሊን ወደ እኔ እንደዞረች ታወቀኝ። ብዙ አየችኝ። አሁን ትናገራለች፣ አሁን አለቀልኝ ብዬ ስጠብቅ፦

«እኔ ነኝ፣ አጎቴ። እናቴ ደወለችና ረሳሁት።»

እኔ ብሆን ጩኸቱ ጎረቤት ይሰማ ነበር። አባዬ ግን ቁራጩን መሬት ላይ አስቀመጠና ራሷን ደባበሳት። «አይዞሽ፤ ያጋጥማል። ዋናው እናትሽን ይሻላት። ብዪ ገንፎሽን፣ ይቀዘቅዛል።»

ገንፎው ያነቀኝ እኔን ነው! እማዬ ጀርባዬን እስክትመታኝ ድረስ ሳልኩ።

ከዚያ የባሰው መጣ። በታኅሣሥ ቱቦ የሚሸጥ ሱቅ የለም። አባዬ ግን አንድ በርሜል በረዶ ላይ የሚጎተት ሸርተቴ ላይ አሠረ፣ በርሜሉን ከሥሩ በሳው፣ ከኋላው ጆንያ አንጠለጠለ። ሙቅ ውሃ እየሞሉበት ሲጎትቱት ውሃው ይንጠባጠባል፣ ጆንያው ደግሞ ያለሰልሳል። ገመዱን የሚጎትቱት እሱና ዳርሊን ነበሩ፣ ትከሻ ለትከሻ። እሱ «ሂጅ በሬ!» ይላታል፤ እሷ እንደ በሬ ታገሳለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ ከወጥ ቤት ሙቅ ውሃ በባልዲ አመላልሳለሁ። በገዛ እጄ ነው እንግዲህ። ቱቦ አንድ ሰው ነው የሚይዘው፤ ገመዱ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል።

ግግሩ በዕድሜዬ እንደዚያ አምሮ አያውቅም። ጎረቤታችን አቶ ሜትሮ አጥር ላይ ተደግፈው «ኦረስት፣ ዘንድሮ ምን ነካህ? አምና እኮ የታረሰ የድንች ማሳ ነበር የሚመስለው!» አሉ።

«ረዳቴን አላየሃትም እንዴ?» አለ አባዬ፣ ወደ ዳርሊን እያሳየ። እኔ ሁለት ባልዲ ይዤ መሃላቸው ቆሜ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባዬ ግግሩን በተረከዙ መታና «ይበቃል» አለ። ከዚያ የሸርተቴውን ገመድ ሊፈታ ወደ ጋራዡ ደጃፍ ሄደ። ዳርሊን ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ የታራስን አሮጌ ባለ ስለት የመንሸራተቻ ጫማ ማሠር ጀመረች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሳምንት ሙሉ ይዤው የከረምኩትን ጥያቄ አወጣሁት።

«ለምን ዋሸሽ?»

«ምኑን?»

«ታውቂዋለሽ ምኑን! ለምን አልተናገርሽብኝም?»

ክሩን ሳብ አድርጋ ቋጠረች። «ይቆጣኛል ብዬ።»

«ምን? እንዲቆጣሽ ፈልገሽ ነው?»

«አንቺ ላይ በቀን አሥር ጊዜ ይጮሃል። ሶንያ በሩን ዝጊ፣ ሶንያ ጫማሽ፣ ሶንያ ኮፍያሽ። እኔ በሩን ከፍቼ ብሄድ ራሱ ተነስቶ ይዘጋዋል። ቱቦውን የሰበርኩት እኔ ነኝ ስለው እንኳን አይዞሽ አለኝ።» አፍንጫዋን በጓንቷ ጠረገች። «እንግዳን ማን ይቆጣል? ቱቦውንስ አንቺ ብትይዢው ምን ቸገረኝ። እኔ ቱቦ አልጠየቅኩም።»

ይህን የሰማ ደግ ልጅ ያቅፋታል። እኔ አላቀፍኳትም። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። ይቺ ልጅ በእኔ ትቀናለች! እኔ ያለኝ፣ እሷ የሌላት፣ የምትፈልገው ነገር አለ። ያም የአባዬ ጩኸት ነው!

ብድግ ብዬ ቀጥ ብዬ ወደ አባዬ ሄድኩ።

«አባዬ፣ ቱቦውን ያሳደርኩት እኔ ነኝ። አስገቢልኝ ብላኝ ነበር፣ እሺ ብዬ ሆን ብዬ ተውኩት።»

ገመዱ ከእጁ ወደቀ። ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ።

«ምን አልሽ? ሆን ብለሽ? እናቷ አልጋ ላይ ሆና እየደወለች፣ አንቺ... ቀና በይ! ቀና በይና እዪኝ! የኔ ልጅ ነሽ አንቺ? የኔ ልጅ እንዲህ ታደርጋለች? እሷ ጥፋትሽን ስትሸከም ዝም ብለሽ አየሽ? እስከ ገና የመንሸራተቻ ጫማሽን እንዳትነኪው! ሰማሽ?»

የአቶ ሜትሮ ውሻ መጮህ ጀመረ። እማዬ መስኮት ላይ መጣች። እኔ የምሬን አለቀስኩ፤ እንባዬ ጉንጬ ላይ ቀዘቀዘ። አፍሬም ነበር፣ ያ ሐሰት አይደለም።

በዚህ መሃል የብረት ድምፅ ሰማሁ። ዳርሊን ግግሩ ላይ ወጥታለች። የመጀመሪያውን ጭረት፣ ሰባት ዓመት የጠበቅኩትን፣ ከዳር እስከ ዳር ጫረችው። ቆንጆ አድርጋ ነው የዞረችው። ኩርባው ላይ ስትደርስ አባዬ አይቷት እንደሆነ ዞር ብላ ተመለከተች።

አላያትም። ጀርባውን ሰጥቷት ጣቱን አፍንጫዬ ላይ ቀስሮ ነበር። «የኔ ልጅ!» ይላል እንደገና፣ ድምፁ እየተሰበረ፤ «የገዛ ልጄ!»

ዳርሊን መሃል ላይ ቆመች። እጇን አንጠልጥላ ታዳምጥ ነበር። ከአባዬ ትከሻ በላይ ዓይን ለዓይን ተያየን፤ እኔ ዓይኔን አልሰበርኩም።

አሁን ሴት ልጅ ድሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። በሠራሁት ነገር ብዙ ተጸጽቻለሁ፤ በዚያ ቱቦም ጭምር። ያን ሰዓት ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አባዬ ይጮህ ነበር፣ እኔም እንዳያቆም እፈልግ ነበር።