ጥላው ሲደርስ

የአንደኛ ክፍሏ መምህርት ደሟ ፈላ። ክፍሉ ሁሉ «ጭጭ» የሚላት፣ እሷም ፈዛዛ ናት ብላ ተስፋ የቆረጠችባት ልጅ ዛሬም ወለሉን በጠመኔ ጭራዋለች።

«ስንቴ ልንገርሽ? በይ አጥፊው!»

«ቆይ ቲቸር፣ አሁን ይደወላል።»

የመስኮቱ ጥላ እየተሳበ መጥቶ አንዱን ጭረት ሲነካ ደወሉ አቃጨለ።

መምህርቷ ክው አለች። ቁጢጥ ብላ ጭረቶቹን አየቻቸው፤ ለካ እያንዳንዱ የአንድ ክፍለ ጊዜ ደወል ነው!

«ማን አሳየሽ የኔ እናት?»

«ጥላው።»

«የመውጫው ደወልስ የታለ?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «እዚያ ሲደርስ የቲቸር ጠረጴዛ ፀሐዩን ይጋርድብኛል።»

መምህርቷ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ከዚያ ያንን ስንት ዓመት ከቦታው ነቅነቅ ያላለ ጠረጴዛ በደረቷ እየገፋች ከመስኮቱ አራቀችው።