አሥራ አንድ ፊልም ያለ ስም

ስማቸውን አላተሙትም። ዛሬ ማታ በሚታየው የድሮ ፊልም የፕሮግራም ወረቀት ላይ የሌሎቹ ተዋንያን ስም እስከ ፈረስ ጠባቂው ድረስ ተዘርዝሯል። አቶ ግዛቸው ጋ ሲደርስ «ባሪያው» ይልና ያቆማል።

ጽጌረዳ ወረቀቱን የፋብሪ ጠረጴዛ ላይ ወረወረችው። ፋብሪ በሮም የፒኜቶ ሰፈር የፊልም ክበብ ኃላፊ ነው።

«ስማቸውን በእጄ ጽፌ ሰጥቼህ ነበር። ሁለት ጊዜ!»

«ሲኞሪና፣ እኛ ፊልሙ ላይ ያለውን ነው የገለበጥነው።»

አቶ ግዛቸው የእናቷ አጎት ናቸው። በሃያ ዓመታቸው የአንድ ቆንስል አሽከር ሆነው ሮም መጡ፤ ድምፅ በሌለው ፊልም ዘመን አሥራ አንድ ፊልም ሠሩ። ባሪያ፣ ሽፍታ፣ በረኛ፣ አንዴም ሬሳ ሆነዋል። አሁን ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ የቤቱ ባለቤት በወሩ መጨረሻ ያስወጣቸዋል። የጡረተኛ ተዋንያን መኖሪያ ይቀበላቸዋል፤ ግን ስማቸው ያለበት ማስረጃ ይፈልጋል። ይህ ፕሮግራም ነበር ማስረጃው።

ጽጌረዳ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲውን ጥላ የሸሸችው ደርግ ጓደኞቿን ከስም ዝርዝር እያነበበ ሲለቅም ነው። እዚያ ስም ተገኘ ተብሎ፣ እዚህ ስም ጠፋ ተብሎ! ደሟ ፈላ።

«ጽጌ፣ ተይ፤ ሰውየውን አታስቀይሚብኝ» አሉ አቶ ግዛቸው ከጥግ። ክበቡ ቀይ ጥምጥም አስሮላቸዋል፤ ፊልሙ ሲያልቅ እንደ ባሪያው ሕዝቡ ፊት ሊንበረከኩ ነው።

«አባባ፣ ያውልቁት!»

«አሎራ፣ እንግዲህ ምን ቸገረኝ? በነብር ቆዳ ብቻም ቆሜያለሁ።»

ፋብሪ ወደ ጽጌረዳ ጠጋ አለ። «ፊልሙ ውስጥ ሲንበረከኩ ሸራው ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ‹ጌታዬ፣ ማረኝ› ይላል፤ ከንፈራቸው ግን ብዙ ይናገራል። ዛሬ በማይክሮፎን እንዲሉት እፈልጋለሁ፤ ለእኔ ግን አልነግርም አሉ። ጠይቂልኝ።»

በአማርኛ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ፈገግ አሉ።

«ያን ቀን ዳይሬክተሩ ጠዋት በጥፊ መትቶኝ ነበር። ከሰዓት ‹አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ› ሲለኝ በአማርኛ እስከ ሰባት ትውልዱ ረገምኩት። ‹ግሩም አድርገህ ለመንክ!› ብሎ አጨበጨበልኝ።»

ጽጌረዳ አልሳቀችም። ወደ ፋብሪ ዞረች።

«ደብዳቤ ጻፍ። ሙሉ ስማቸው፣ አሥራ አንዱ ፊልም፣ ፊርማና ማኅተም። ከዚያ ትሰማዋለህ።»

«ከዝግጅቱ በኋላ...»

«አሁን! አለዚያ የሚንበረከክልህ ሰው የለም።»

ተመልካቹ መግባት ጀምሯል። ፋብሪ እያጉረመረመ በጽሕፈት መኪናው ጻፈ፤ ፈረመ፤ አተመ። ጽጌረዳ ሁለት ጊዜ አንብባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እንሂድ፣ አባባ።»

«አንቺ ሂጂ። እኔ ይህን ፊልም አይቼው አላውቅም። ያን ጊዜ ሲኒማ ቤቱ አላስገባኝም።» ጥምጥሙን ፈትተው ለፋብሪ አስታቀፉትና ወደ አዳራሹ፣ ወንበር ፍለጋ ሄዱ።

«ሲኞሪና! የሚሉትስ? ተስማምተን የለም እንዴ?»

ሰዓቷን አየች። የመኖሪያው ቢሮ ሊዘጋ አርባ ደቂቃ ቀርቶታል፤ ትራሙ ደግሞ ይዘገያል።

«ከጎናቸው ተቀመጥ። ደስ ካላቸው ይነግሩሃል» አለችው።

ወጣችና በሩን በኃይል ዘጋችው።