የለቅሶ ድስት

በሰፈራችን ሰው ሲሞትም ሲዳርም ሥጋውን የምቀቅለው እኔ ነኝ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ። በሬው ይታረዳል፣ ሦስት እግር ያላቸው የብረት ድስቶች ግቢ ውስጥ ይደረደራሉ፣ እኔ ውሃና ጨው ብቻ ጨምሬ ከንጋት ጀምሮ እቀቅላለሁ። ከዚያ ክር ክር እስኪል በእንጨት ዘነዘና እወቅጠዋለሁ። ሴስዋ የምንለው ይህን ነው፤ የወንድ ሥራ ነው። ከሩቅ ከካንዬ ከተማ ድረስ መጥተው የሚጠሩኝ ነበሩ። ወጥ ቤት የሚባለውን ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከደጃፉ አልፌ አላውቅም። ውሃ ሲጠማኝ እንኳ በሩ ላይ ቆሜ ነበር የምጣራው።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ግን ወጥ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ፣ አንዲት ዱባ ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ቢላዋውን የት እንደምሰካ እፈልግ ነበር። ባተርነት የሚሏት ናት፣ አንገቷ ረዘም፣ ታቿ ዘርጠጥ ያለች። በየእሑዱ ከሳህኔ ላይ በልቻታለሁ። ጥሬዋን በእጄ ስይዝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ባለቤቴን ማ-ፔሎን ከሦስት ሳምንት በፊት ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇ አልታዘዝ አለ፣ ምላሷም ከበደ። ይባስ ብሎ በስምንተኛው ቀን ልጃችን ፔሎኖሚ ያጎረሰቻት የማሽላ ገንፎ ትን ብሏት፣ ፊቷ ጠቁሮ፣ እጃችን ላይ ልትቀር ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንኪያ ስታይ ከንፈሯን ግጥም ታደርጋለች። ከጥቂት እርጎ በቀር ምንም አልቀመሰችም። እሷ መዋጥ ፈራች፣ እኔ ማጉረስ ፈራሁ።

ሰኞ ዕለት ነርሷ መጣች። የማ-ፔሎን ክንድ በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ለካች። እስከ ዓርብ የሚረባ ነገር ካልበላች ዋና ከተማው ሆስፒታል ሄዳ በአፍንጫዋ ቱቦ እንደሚገባላት ነገረችን። ማ-ፔሎ ይህን ስትሰማ ዓይኗን አየሁት። ታላቅ እህቷ እዚያው ሆስፒታል ቱቦ ገብቶላት አልተመለሰችም። ነርሷ እኔን ወደ ውጭ ጠርታ ባተርነት ቀቅልላት አለች፤ ጨው የሌለው፣ የማይፈስ፣ ጓል የሌለው፣ ክር የሌለው።

"አንዲት ክር ጉሮሮዋ ላይ ከቀረች አለቀ፣ አባባ" አለችኝ።

ይህን የምትለው ዕድሜውን ሙሉ ክር ሲያወጣ ለኖረ ሰው ነው።

ፔሎኖሚ ፈቃዷ አልቆ ማክሰኞ ማለዳ ወደ ፍራንሲስታውን ከተማ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ዱባዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ እንዴት እንደምትቀቀል ሦስት ጊዜ ነግራኝ፣ ዓርብ እመጣለሁ ብላ ሄደች። እኔም ሦስት ጊዜ አውቄያለሁ አልኳት። ምንም አላወቅሁም።

ቢላዋው አልገባ አለኝ። ብገፋው ዱባዋ አምልጣ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። እስቲ መጀመሪያ ውሃውን ልጣድ ብዬ ጋዙን ለኮስኩ፤ ሰማያዊው እሳት ሁለቴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሲሊንደሩን ባነሳው ባዶ ነው። የጋዝ መኪናው የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ከጎረቤቴ ከማ-ዲኔዎ ልለምን አልኩና አፏን አስታወስኩ፤ ራ-ፔሎ፣ የፔሎኖሚ አባት ማለቴ ነው፣ ወጥ ቤት ገባ የሚለው ወሬ ከእኔ በፊት ቤቴ ይደርስ ነበር። ንዴቴ መጣ። ዱባዋን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወደ ግቢ ወጣሁ።

ግቢ ውስጥ እኔ ጌታ ነኝ። መጥረቢያዬን አወጣሁ፣ ዱባዋን ግንዱ ላይ አጋደምኳት፣ እንደ ጭን አጥንት አንዴ ባሳርፍባት ለሁለት ተከፈለች። ልጬ፣ ቆራርጬ፣ እንጨት ፈለጥኩ። ከዚያ ከሦስቱ ድስቶቼ ትንሹን ከጓሮ እያንከባለልኩ አምጥቼ እሳት ለኮስኩበት። ትንሹ የምለው ግማሽ ፍየል የሚይዘውን ነው፤ ዱባዋ ታች ወርዳ ልትጠፋ ምንም አልቀራት። ቢሆንም እጄ የሚያውቀውን ሥራ ሲያገኝ ልቤ ትንሽ ረጋ። ለካ እንደ በሬው ሳሩን እንጂ ገደሉን አላየሁም።

ውሃው ሊፈላ ሲል ማ-ዲኔዎ በበሩ ገባች። በዚያ ሙቀት ሻሏን ትከሻዋ ላይ አድርጋለች። ደህና ዋልክ እንኳ ሳትለኝ ከግድግዳው ሥር እግሯን ዘርግታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ምን ነካት አልኩ፤ ግን ዱባዋን በሹካ እየወጋሁ ስለነበር ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም። ሁለት ሴቶች ተከተሉ፤ እነሱም ሻል ለብሰዋል፣ አንዷ ስኳር በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች። በመጨረሻ ራ-ሞአጊ መጣ። ሃያ ዓመት በየለቅሶው አብሮኝ ሲወቅጥ የኖረ ባልንጀራዬ ነው። ኮቱን ለብሶ፣ ዘነዘናውን በብብቱ ይዟል። ባርኔጣውን አወለቀ።

"መቼ ነው?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ምኑ?"

"የማ-ፔሎ ነዋ።"

"ማ-ፔሎ ምን ሆነች?"

"አንተ ሰውዬ፣ መጥረቢያ ሰማን፣ ጢስ አየን፣ ድስቱ ወጥቷል። ሌላ ምን እንበል ታዲያ?"

ያን ጊዜ ነው ገደሉ የታየኝ። በእኛ ሰፈር ያ ድስት ያለ ሠርግና ያለ ለቅሶ አይወጣም፤ በማክሰኞ ቀን ደግሞ የሚዳር የለም። አልሞተችም፣ ዱባ እየቀቀልኩ ነው አልኩ። ራ-ሞአጊ ጎንበስ ብሎ ድስቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ አየ። ማ-ዲኔዎ የለቅሶ ሻሏን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ስንት እንባ አዘጋጅታ እንደመጣች፣ ለቅሶ ካልቀረ ለእኔ ቢሆን እንደምትመርጥ ነገረችኝ። ዓይኔ ግን ወደ መስኮቱ ሄዶ ቀረ። የማ-ፔሎ አልጋ ከድስቱ ፊት ለፊት ነው። ፀሐይ ትይ ብዬ መጋረጃውን ጠዋት የከፈትኩት ራሴ ነኝ።

ሮጬ ገባሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፤ ትራሷ ርሷል። በግራ እጇ ወደ መስኮቱ አመለከተችኝ፣ ከዚያ ወደ ደረቷ። ገና በሕይወት እያለች ድስቷ ተጥዶ፣ አልቃሾቿ ተቀምጠው አየች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

"ለቅሶ አይደለም፣ ማ-ፔሎ። ጋዙ አልቆ ነው። ዱባ እየቀቀልኩልሽ ነው" አልኳት።

አላመነችኝም። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብራኝ ኖራ፣ እኔ ዱባ እቀቅላለሁ ብላ ከምታምን መሞቷን ብታምን ይቀላት ነበር። በመስኮቱ ራ-ሞአጊን ጠርቼ አሳያት አልኩት። እሱም የለቅሶ ኮቱን እንደለበሰ፣ አንዲት እንፋሎት የምታወጣ ብጫ ቁራጭ በጭልፋ ይዞ፣ የሬሳ ሳጥን እንደሚሸከም ሰው ቀስ ብሎ እየተራመደ መስኮቱ ላይ አቀረበላት። ማ-ፔሎ ቁራጯን አየች፣ ኮቱን አየች፣ ሻሎቹን አየች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትን አላት ብዬ ዘልዬ ያዝኳት። በአንድ ጎን ከንፈሯ እየሳቀች ነበር።

ዱባዋን ራሴ ወቀጥኳት። ሴቶቹ ስጠን ቢሉኝም እምቢ አልኩ። ራ-ሞአጊ ከላዬ ቆሞ ክር አለው፣ አሁንም ክር አለው ይለኛል፤ እኔም ይታየኛል። በማ-ፔሎ የዱቄት ወንፊት ሁለት ጊዜ በማንኪያ ጀርባ አሳለፍኳት፤ ቀጥሎም ጣቴን ከትቼ በብርሃን አየሁ። ማንኪያ ላይ ሳትፈስ ቆመች።

አገጯን ዝቅ አድርጌ፣ ነርሷ እንዳለችው፣ የማንኪያውን ጫፍ ብቻ አቀረብኩላት። ከንፈሯ እንደተገጠመ ነበር፤ ቆየና ተከፈተ። ጎረሰች። ጉሮሮዋ አልተነቃነቀም። ሁሉም መስኮቱ ላይ ተሰብስበው ያያሉ። ቆጠርኩ። ስድስት ላይ ጉሮሮዋ ወጣና ወረደ። ሦስተኛው ማንኪያ ላይ አሳላት። ማንኪያው እጄ ላይ ደርቆ ቀረ፤ አንዷ ሴት ጸሎት ጀመረች። ማ-ፔሎ ግን ዓይኗን አንስታ አየችኝና አፏን ራሷ ከፈተች። ሰባት ማንኪያ በላች። ከሰባተኛው በኋላ ምላሷ ብዙ ታገለ።

"ጨው" አለች።

ማ-ዲኔዎ ከመስኮቱ ሆና፣ ዕድሜ ልኩን ጨው ብቻ ሲጨምር ኖሮ ዛሬ እሱንም ረሳው አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔ ዓይኔን የጠረግሁት በጢሱ ምክንያት ነው አልኳቸው።

ረቡዕ ድስቱን እንደገና አወጣሁ። ከመለኮሴ በፊት ክብሪቱን ጭሬ ይዤ ቆየሁ። አንድ ቀን ይህ ድስት ለእሷ ወይም ለእኔ መውጣቱ አይቀርም፤ እሱን እያሰብኩ እሳቱ እጄን ሊያቃጥለኝ ነበር። ለኮስኩት። ጢሱ ከጣሪያው በላይ ሲወጣ ዓይኔ ከበሩ ላይ አልተነሳም። ራ-ሞአጊ በመንገዱ ሲያልፍ ቀና ብሎ አየና፣ ዛሬስ ጨው አለው ወይ ብሎኝ ሳይቆም ሄደ። ሌላ የመጣ የለም። ከውስጥ ማ-ፔሎ በግራ እጇ ማንኪያውን ከአልጋው ብረት ጋር ታጋጫለች፤ ቆየህ ማለቷ ነው።